ድምፄ በአሥራ ሁለት ስልክ ውስጥ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ዳማ ተጫወትን። ጡረተኛውን ዳኛ ወዳጄን ሁለት ጊዜ አሸነፍኩት። ሦስተኛውን… ተወው፤ ስለ ሦስተኛው ምን ያጽፈኛል።

ጠዋት የደም ግፊት ኪኒኔን ረሳሁ። ረሳሁ ነው የሚባለው? ምራቴ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት ከውሃ ብርጭቆ ጋር ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ነበር። ኪኒኗን አየኋት። አየችኝ። እንደማይተዋወቅ ሰው ተላለፍን።

ጉንዳን ዛሬም ከክፍሏ አልወጣችም። የልጅ ልጄ ናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ገና በእግሯ መሄድ ስትጀምር ከራሷ የሚበልጥ ዕቃ እየጎተተች ቤቱን ስትዞር አይቼ። አድጋ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛ፣ ሥራም ለቃ… ስሙ ግን አልለቀቃትም። ላፕቶፗ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ለስልክ የሚሆን አፕ እየሠራሁ ነው ትላለች።

"ምን የሚያደርግ?"

"ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ እንዲውጥ የሚያስታውስ፣ አባባ።"

ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሣችም። ታዲያ ለምን የተነካሁ መሰለኝ? ተንኮለኛ! በማን ወጣች ይሆን?

ረቡዕ፣ የካቲት 6

እራት ላይ ጭቅጭቅ።

ልጄ፣ የጉንዳን አባት፣ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ሹም ነው። እኔ ኦዲተሩ ነው የምለው። ምግብ ሲቀርብለት እንኳ የጎደለ ነገር ያለ ይመስል መጀመሪያ ሳህኑን ይመረምራል። ጉንዳንን እዚያው መሥሪያ ቤት ያስቀጠራት እሱ ነው። ስትለቅ ስሙን ያጠፋችበት ያህል ቆጠረው።

"ሥራ ማለት ጠዋት ወጥተሽ ማታ የምትገቢበት ነው። ይኼ በፒጃማ የሚሠራው ምንድን ነው?"

"አባዬ፣ የአፕ መደብሩ ከተቀበለው እኮ የፈለገ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ይጭነዋል።"

"ካልተቀበለውስ?"

ማንኪያዋን አስቀመጠች።

"አለቃሽን ለምኜዋለሁ። ወንበርሽ እስከ መጋቢት ማለቂያ ይጠብቅሻል። እስከዚያ ይኼ መደብር የምትይው ነገር ካልተቀበለሽ ትመለሻለሽ። ተስማማን?"

"ተስማማን።"

መሀል ገብቼ፣ "እስቲ የኔም ወንበር አውቶቡስ ጣቢያው ውስጥ ይጠብቀኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ" አልኩ። ማንም አልሳቀ። ሾርባው ራሱ ቀዘቀዘ።

ግን አየኋት። "ተስማማን" ስትል እጇ ላይ ያለውን ዳቦ ፍርፋሪ አድርጋው ነበር። ይቺን ልጅ እዚያ ወንበር ላይ መመለስ… ጉንዳን ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ማጥበቅ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 8

መደብሩ በር የለውም። ስታስረዳኝ አርፍዳ የገባኝ ይኼ ነው። በር የለውም፣ ባለቤቱን ያየው ሰው የለም፣ ዘበኛው ግን ኃይለኛ ነው። አዲስ ሠሪ ከሆንክ፣ አሥራ ሁለት ሰው ሥራህን ስልኩ ላይ ጭኖ ሁለት ሳምንት ሳያቋርጥ ካልሞከረልህ በሌለው በሩ አያስገባህም።

"ጓደኞችሽስ?"

"እነሱ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ? እኔ የምፈልገው በየቀኑ ኪኒን የሚውጥ ሰው ነው፣ አባባ። አሥራ ሁለት ከየት አመጣለሁ?"

ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሃል?"

"ኪኒን የሚውጥ ሰው ነው የጠፋሽ? ዳማ የምንጫወትበት ቦታ ያለውን ሰው አንዱን አንሥተሽ ብትወዘውዢው ኪኒኑ ሆዱ ውስጥ ሲንኮሻኮሽ ትሰሚያለሽ።"

ከተቀመጠችበት ተነሥታ ግንባሬን ሳመችኝ። ለካ እኔም ለቴክኖሎጂ እጠቅማለሁ!

ሰኞ፣ የካቲት 11

ዳማው በፀጉር አስተካካዩ ደጅ፣ ከሸራው ጥላ ሥር ነው። ጉንዳንን አስከትዬ ደረስኩ።

"ስልካችሁን አውጡ!"

"በማን ትእዛዝ?" አለ ሻምበል። ጡረታ ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ቀበቶውን ዛሬም ሰልፍ እንዳለበት ሰው ነው የሚያጠብቀው።

"በልጅ ልጄ።"

"እንደሱማ ከሆነ።" አወጣ።

ልብስ ሰፊው ስልኩን ሲሰጣት "ያማል እንዴ?" አለ። የሚወጋው ስልኩ ነው እንጂ አንተ አይደለህም አልኩት። ዳኛው መነጽሩን አድርጎ የስምምነቱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ያንን ጽሑፍ አንብቦ የጨረሰ በምድር ላይ የመጀመሪያው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ጉንዳን ችሎት ፊት እንደ ቆመ ሰው እጇን አጣምራ ጠበቀችው። ከዚያ የማዕዘኑ ሱቅ ባለቤት መጣች፣ እኅቷን ጠራች፣ ፀጉር አስተካካዩ የሚላጨውን ሰው አረፋውን ፊቱ ላይ ትቶ መጣ። ደንበኛውም ከነአረፋው መጣ። እያለ እያለ አሥራ አንድ ሞላ።

"አሥራ ሁለተኛው ማነው?" አለች ጉንዳን።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔማ አስተባባሪ ነኝ ብዬ ነበር… ጫነችብኝ።

ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ተሳፋሪ ስጠራ ኖሬ፣ ዛሬም አንድ አውቶቡስ ሞልቼ አስነሣሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አፗ ደወለች። "እባክዎ፣ መድኃኒትዎን የሚወስዱበት ሰዓት ደርሷል።" እንዴት ያለች ጨዋ! አመስግኜ አጠፋኋት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 19

ጉንዳን ፊቷ ደስ አይልም።

"የሚከፍታት ሰው ያለ አይመስልም፣ አባባ።"

ዳማው ጋ ሄጄ አንድ በአንድ ጠየቅኩ። "አፗ እንዴት ናት?" ልብስ ሰፊው፦ "ግሩም!" ሻምበል፦ "እንከን የላትም!" ባለሱቋ፦ "እጇ ይባረክ!" ተመልሼ ነገርኳት። የሚቆጥረው ነገር ተበላሽቶ ይሆናል እንጂ ሰው ሁሉ ወዷታል አልኳት። ትንሽ ፈገግ አለች።

ጫማዬ ሊቀደድ ነው። ማሠራት አለብኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 28

ሁለቱ ሳምንት ሞልቶ ማመልከቻዋን ልካ ነበር። ዛሬ መልሱ መጣ። ሳሎኑ መሀል ላፕቶፗን እንደ ታመመ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች።

"አልተቀበሏትም።"

"በምን ምክንያት?"

"ሞካሪዎችሽ ጫኗት እንጂ አልተጠቀሙባትም ነው የሚሉት። እንደገና ሁለት ሳምንት።"

ኦዲተሩ ጋዜጣ እያነበበ ነበር። አላወረደውም። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ግሩም፣ እንከን የላትም፣ እጇ ይባረክ… እነዚያ ሽማግሌዎች ነገ ያገኙኛል!

ዓርብ፣ የካቲት 29

እስቲ ይኼን ለማን ይነግሩታል?

ዳማው ሰሌዳ ላይ ተቀመጥኩበት። ጨዋታ የለም። "አፗን ከፍታችኋል ወይስ አልከፈታችሁም?"

ልብስ ሰፊው አንገቱን ደፋ።

"እኔ… በየቀኑ ከከፈትኳት እንዳታልቅብኝ ብዬ ነው።"

"ምኗ ነው የሚያልቀው?"

"እኔ ምን አውቄ! የልጅቷ ልፋት ነው፤ አዲስ ነገር ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ የስፌት መኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አኖርኳት።"

ስልኩን! ከነአፗ! በጨርቅ ጠቅልሎ!

ባለሱቋ ቀጠለች። "እኔስ እንግዳ ሲመጣ ልከፍታት ብዬ አይደል እንዴ የተውኳት።" የእሷ ነገር አይገርምም። ሳሎኗ ያለው ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈም፤ እኔ ራሴ ተቀምጬበት ተንሸራትቼ ወርጃለሁ።

ሻምበል፦ "ጫን ተባልኩ፣ ጫንኩ። ተጠቀም የሚል ትእዛዝ አልደረሰኝም።"

ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ። "ጽሑፉን አንብቤዋለሁ። አፗ የሠሪዋ ንብረት ናት ይላል። የሰው ንብረት በየቀኑ እየነካካሁ ላንገላታ?"

ምን ትላቸዋለህ? ያከበሯት መስሏቸው ነው። በአክብሮት ገደሏት።

ቤት ገብቼ ስነግራት ጉንዳን ሳቀች። ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

"አንተስ፣ አባባ?"

"እኔ ምን?"

"አንተ እንኳ በየቀኑ ትነካታለህ። ለማጥፋት።"

ለካ እዚያ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ነገር ይታያል! ሰላይ ነው ያሳደግኩት።

እሑድ፣ መጋቢት 1

"እውነቱን ንገረኝ። ስትደውልልህ ለምን አትውጥም?"

ልቀልድ አፌን ከፍቼ ፊቷን ሳየው ተውኩት።

"ጨዋነቷ ነው" አልኳት። "እባክዎ ትላለች። እባክዎ የተባለ ሰው 'ቆይ' ማለት ይችላል። እኔ ጣቢያው ውስጥ እባክዎ ስል ብውል ኖሮ አውቶቡሱ ሁሉ ባዶውን በሄደ ነበር።"

"ምን ነበር የምትለው?"

ተነሣሁ። ማንኪያውን እንደ ማይክራፎን ያዝኩ። "ባለ ቀይ ሻንጣው! ሻዩን ጠጣ እንጂ ብርጭቆውን አትብላው! ተሳፈር! ባለ ጃንጥላዋ፣ ስንብቱ ይብቃ፤ ነገ ማታ የሚመለስ ባል ነው!"

"አይቆጡህም ነበር?"

"አለቃዬ ይቆጣል። ተሳፋሪው ግን እየሳቀ ይሮጣል። ሰው ሲነካካ ነው የሚነሣው፣ ጉንዳኔ። እኔን ነው፣ በስሜ ነው፣ አይቶኛል ይላል።"

አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አንሥታ አፌ ሥር ደቀነችው።

"ለዳኛው ኪኒን ቢሆን ምን ትለው ነበር?"

ኧረ እኔ ይኼን ልጠየቅ! አፌ እስኪደርቅ ለፈለፍኩ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3

ለቀረጻ ጸጥ ያለ ቦታ ያስፈልጋል አለች። መንገዱ ላይ መኪና፣ ጎረቤት ውሻ… በዚህ ቤት ጸጥ ያለው የኦዲተሩ ቁም ሣጥን ብቻ ነው። ኮቶቹ ድምፅ አያስተጋቡም። ስለዚህ በርጩማ ገባ፣ እኔ ገባሁ፣ በሩ ተዘጋ። ግራና ቀኝ የልጄ ሱፍ ልብስ ትከሻዬን ያቅፈኛል።

"አንተ ልብስ ሰፊ! የሰው ሱሪ ማሳጠር አነሰህና ዕድሜህንም ታሳጥራለህ? ዋጥ!"

ይኼን እንዳልኩ በሩ ተከፈተ። ኦዲተሩ። ከነቦርሳው።

"አባቴ… እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ሥራ ላይ ነኝ። በሩን ዝጋው።"

አልዘጋውም። ጉንዳን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ሆና አስረዳችው። አፗ ከእንግዲህ እንደማትለምን፣ እንደምትነካካ። የቀዳነውን አሰማችው።

"ማስፈራራት ነው እንግዲህ" አለ። "እኔን ሽሮፑን ካልዋጥክ ጆሮህ እንደ ዝሆን ያድጋል ብለውኝ፣ ትልቅ ልጅ እስክሆን ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ጆሮዬን ስለካ ኖሬአለሁ።"

"ታዲያ አልዋጥክም?"

"ዋጥኩ እንጂ።"

"አደገ?"

ኮቱን አንጠልጥሎ ወጣ። ከኋላው ጆሮውን አየሁት። ቀልቷል። እየሳቀ ነበር እንዴ? ፊቱን አላየሁትም።

ሰኞ፣ መጋቢት 9

ሁለተኛው ሙከራ ተጀመረ። የድሮ ስሟ 'መድኃኒት አስታዋሽ' ነበር፤ አሁን 'ዋጥ!' ተብላለች። ስሙ ከኔ ነው። ለአሥራ ሁለታችንም ለየራሳችን ቀድቻለሁ።

ወዳጆቼን ሰብስቤ አዋጅ ነገርኩ። "አታልቅም! አትደበዝዝም! ብትነኳት አትሰበርም! እንግዳ አትጠብቁ!" ለሻምበል ለብቻው ትእዛዝ ሰጠሁት። ሰላምታ ሰጠኝ።

ለባለሱቋ የቀዳሁላት፦ "ስኳሩን ሽጪው እንጂ ደምሽ ውስጥ አታከማቺው! ዋጪ!" ስትሰማው የሱቁን ጠረጴዛ እየደበደበች ሳቀች። ዋጠችም።

ዓርብ፣ መጋቢት 13

የዛሬውን ሳልጽፍ አላድርም።

ዳኛው የሚኖርበት ሕንፃ ነዋሪዎች ስብሰባ ነበራቸው። ስለ ውሃ ማጠራቀሚያው። ሰብሳቢው እየተናገረ፣ ሰው ሁሉ በጨዋነት እያዳመጠ፣ ከዳኛው ኮት ኪስ ውስጥ የኔ ድምፅ ጮኸ፦

"ክቡር ዳኛ! ውሳኔው ተሰጥቷል! ይግባኝ የለውም! ዋጥ!"

ሰው ደረቀ። ዳኛው… ይኼን የነገረኝ እዚያው ሕንፃ የሚኖረው ፀጉር አስተካካዩ ነው… ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ኪኒኑን አወጣ፣ ከሰብሳቢው ፊት የነበረውን ውሃ አነሣ፣ ዋጠ፣ ተቀመጠ። "ይቀጥሉ" አለ።

ከስብሰባው በኋላ ሰው ከቦ ይኼን ነገር ከየት አመጣኸው ይለዋል። የውሃው ጉዳይ ተረሳ።

ማምሻውን ዳማው ጋ መጣ። ፊቱ እንደ ችሎት።

"ስሜን በአደባባይ አጠፋህ።"

"ይቅርታ…"

"አቤቱታዬን አልጨረስኩም። ይኼኛውን ለምጄዋለሁ። ለነገ ሌላ ቅዳልኝ።"

ለካ ሁሉም እንደዚያው ናቸው! ዛሬ ምን ይለኝ ይሆን እያሉ ሰዓቱ ሳይደርስ ይከፍቷታል። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሥራ በዝቶብኛል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 17

የልብስ ሰፊው ሚስት ቤታችን ድረስ መጣች። ጉንዳንን ነው የፈለገችው።

"ባሌን በገዛ ቤቱ የሚቆጣው የሌላ ሰው ድምፅ ነው? እኔ ምን ሆኜ? ስንት ዓመት የሠለጠንኩበትን!"

እኔ ከትከት ብዬ ሳቅኩ። ጉንዳን ግን አልሳቀችም። ቆማ ቀረች። ከዚያ "ትክክል ነዎት፣ እማማ" ብላ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ አፗ ተለወጠች። አሁን ማንም ሰው ለሚወደው ሰው በራሱ ድምፅ መቅዳት ይችላል። ሚስት ለባል፣ ልጅ ለእናት፣ እኅት ለእኅት። አስቀድመው የጫኗት ሁሉ ስልካቸው ላይ ራሷ ታደሰች፤ አፕዴት ይሉታል። የኔ ድምፅም የሚቀዳለት ላጣ ሰው አለ።

የማግስቱን እዚሁ ላይ ቀጠልኩት፤ አዲስ ገጽ ለመጀመር ሰነፍኩ።

እኔ ብሆን ይኼን አስብ ነበር? አላስብም። እኔ መልፈፍ ነው የማውቀው። ከልፈፋዬ ውስጥ ነገሩን ፈልቅቃ ያወጣችው እሷ ናት። ሚስትየውን ከሰማች በኋላ ለመሳቅ ሳይሆን ለመሥራት የተነሣችው እሷ ናት። ኩራት ደረት ያሳምማል እንዴ?

ሐሙስ፣ መጋቢት 19

ደረት አልነበረም ያመመኝ። ማለት… እንዴት ብዬ ልጻፈው።

ደረጃውን ስወጣ ዓለም ዞረብኝ። ተቀመጥኩ። ኦዲተሩ ለምሳ ሲመጣ እዚያው ደረጃ ላይ አገኘኝ። ጫማዬን እያየሁ ነው አልኩት። ክንዴን ይዞ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

"ኪኒንዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?" ይለኛል ሐኪሙ።

ጣራውን አየሁ። ልጄ እኔን አየኝ።

እንዲህ ነዋ፤ አሥራ አንድ ሰው በድምፄ ይውጣል፣ እኔ አልውጥም። ስልኬ "አንተ ሽማግሌ፣ ሌላውን አሳፍረህ አንተ ልትቀር ነው?" ይለኛል። የራሴን ቀልድ ሰምቼ እስቃለሁ፣ አጠፋለሁ። ማን በራሱ ድምፅ ይፈራል?

ቤት ስንደርስ ጉንዳንን ወደ ጓዳ ጠራት። ተንሾካሾኩ። ጆሮዬን ጣልኩ፤ ምንም አልሰማሁ። ጆሮዬም አረጀ።

ሰኞ፣ መጋቢት 23

ሁለቱ ሳምንት ሞላ። ጉንዳን ማመልከቻውን እንደገና ላከች። ሲላክ ድምፅ የለውም፤ ጡሩንባ እንኳ ቢኖረው ምን ነበረበት!

ከዛሬ እስከ መጋቢት ማለቂያ ሳምንት ብቻ ነው። ወንበሩ እየጠበቀ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 27

መልስ የለም። በዳማ ተሸነፍኩ። በልብስ ሰፊው! ሆን ብዬ አይደለም፤ ልቤ የለም።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 28

ጉንዳን ጮኸች።

የፈሰሰባት ነገር ያለ መስሎኝ ፎጣ ይዤ ሮጥኩ። ምራቴ በአንድ እግር ጫማ መጣች። ጉንዳን ላፕቶፑ ላይ ጣቷን ቀስራ ትዘላለች።

"ተቀበሏት! መደብሩ ውስጥ ናት!"

"የታለች? አሳዪኝ። መስኮቱ ላይ ናት?"

ስልኬን ተቀብላ ፈለገቻት። አየኋት። 'ዋጥ!' ትላለች፤ ትንሽ ነጭ ኪኒን ሥዕል አለባት። እኔን የምታስቸግረኝን ትመስላለች። ከሥሩ የሠሪው ስም ይጻፋል። እኔ መቼም ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ጠብቄ ነበር። መነጽሬን አስተካክዬ አነበብኩ።

ጉንዳን።

ይኼንን ብቻ። ከሌሎቹ ከትላልቆቹ ስሞች መሀል፣ እኔ ያወጣሁላት ስም።

"ሌላ ስም አጥተሽ ነው?"

"ሸክሜን የሚያውቀው ይኼ ስም ነዋ።"

ፎጣው ደግነቱ እጄ ላይ ነበር።

ኦዲተሩ ከኋላችን ቆሞ በትከሻዋ በኩል ያያል። ስሙን አንብቧል። እንደ ልማዱ የጎደለ ነገር ካለ መረመረ። ላይ ታች፣ ላይ ታች። ከዚያ እጁን አናቷ ላይ አሳረፈ።

"አልጎደለም" አለ።

ከሱ አፍ ይኼ ምርቃት ነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 30

ማለቂያው ቀን። ጠዋት የኢንሹራንሱ አለቃ ለልጄ ደወለለት። ቁርስ ላይ ነበርን፤ ሁላችንም ማኘክ አቆምን።

"አዎ… አዎ፣ ክቡር… አይ፣ አትመጣም። ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጡት። ልጄ ሥራ ላይ ናት።"

ጉንዳን ፒጃማ ለብሳ፣ ዳቦ አፏ ውስጥ ሞልቶ፣ ሥራ ላይ ናት።

ስልኩን ዘግቶ ሻዩን አማሰለ። ያማሰለው ሻይ ስኳር አልነበረውም። አየሁት፤ አልነገርኩትም። እኔም አንዳንዴ ጨዋ ነኝ።

ዳማው ጋ ሄጄ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሁለቴ። ሻምበል ሦስተኛውን ስጀምር "ደርሶናል" አለ። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው ወረቀት ጽፎ አገኘሁት፦ 'ዋጥ! የተባለችው አፕ የተሞከረችው እዚህ ነው።' ልብስ ሰፊው ስልኩን ዛሬም በጨርቅ ይዟታል፤ ግን ለድምፅ መውጫ ቀዳዳ ሰፍቶላታል። ከነጠርዙ!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 3

ጠዋት። ሁሉም ሄዷል። ኪኒኗ ጠረጴዛው ላይ፣ ውሃው አጠገቧ። ተያየን። ልንተላለፍ ነው።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ነዘረ። የራሴን ልፈፋ ልሰማ ጣቴን ለማጥፋት ዘረጋሁ።

የኔ ድምፅ አይደለም።

የጉሮሮ መጥረግ። ከዚያ ኮት መሀል የታፈነ የሚመስል ድምፅ። ቁም ሣጥኑ! ገብቶ ነው የቀዳው! ያ ሰው፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጦ፣ ከነክራቫቱ!

"አባቴ። ኪኒንዎን ይዋጡ። ካልዋጡ… ጆሮዎ እንደ ዝሆን ያድጋል።" የኮት መስቀያ ተንኳኳ። "በአውቶቡስ መስኮትም አይወጣም።" የሳቅ ይሁን የሌላ ነገር ትንፋሽ። "ይኸው ነው። ጨርሻለሁ።"

የአውቶቡሱን መስኮት እኔ ረስቼው ነበር። ልጅ ሳለ ብዬው ነበር ለካ። እሱ አልረሳም።

ዋጥኳት። ከነምሬቷ፣ ውሃውን ሳልጨርስ።

ደግሜ ልሰማው ፈለግኩ። መጫኛው የቱ እንደሆነ ጠፋብኝ። ይሁን፤ ነገም በዚሁ ሰዓት ይመጣል።

ከዚያ… ለማንም አላወራውም፣ እዚህ ብቻ ነው… ተነሥቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ፣ ጆሮዬን ግራም ቀኝም አየሁ።